ድምፁ የመሬቱ ነው፣ ዕዳውም የመሬቱ

ጥያቄው ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። «አራት ጓደኛሞች ነን። በሳን ዋኪን ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል 40 ኤከር የአልሞንድ እርሻ ገዝተናል። መሬቱ የተመዘገበው በመሠረትነው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ሲሆን የሚያለማው ተከራይ ገበሬ ነው። የምናጠጣው ከራሳችን ጉድጓድ ነው፤ የዲስትሪክቱ ቦይ እኛ ዘንድ አይደርስም። አሁን የውሃ ዲስትሪክቱ ዋናውን ቦይ በኮንክሪት ለመለበጥና ውሃ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሰርጉ ኩሬዎችን ለመሥራት ቦንድ ሊያወጣ መሆኑን ገልጾ የባለመሬቶች ድምፅ መስጫ ላከ። ለአራታችን የደረሰን አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ለተከራያችን ምንም አልደረሰውም። ጎረቤታችን የሆነ ኩባንያ ግን በሺዎች የሚቆጠር ኤከር ስላለው ብቻውን ሊወስን ይችላል ይሉናል። ይህ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም? ቦንዱን መግዛት ግዴታችን ነው? አንፈልግም ብንል ወይም ዝም ብንል ከክፍያው ነፃ እንሆናለን? ከመካከላችን አንዱ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለውም፤ መፈረም ይችላል?»

ቦንዱን የምትገዙት እናንተ አይደላችሁም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቦንድ ሲባል ትዝ የሚላቸው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ የተሸጠው ነው፤ እዚያ ዜጋው ገንዘቡን አበድሮ ወለድ ይጠብቃል። እዚህ ቦታችሁ የተገላቢጦሽ ነው። ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን ውሃ የሚያስተዳድረው የሕዝብ ተቋም፣ ቦንዱን ለባለሀብቶች ይሸጣል፤ ወለዱ በአብዛኛው ከፌደራል የገቢ ግብር ነፃ ስለሆነ ገዢዎቹ አነስ ባለ ወለድ ይረካሉ። ዋናውንና ወለዱን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚመልሱት በዲስትሪክቱ ክልል ውስጥ ያሉ ባለመሬቶች ናቸው። ስለዚህ የተጠየቃችሁት መሬታችሁ ለዚህ ዕዳ ዋስ እንዲሆን ትፈቅዱ እንደሆነ ነው።

መጠኑ እንዲገባችሁ በምሳሌ ላስላው። ዲስትሪክቱ 30 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ቢበደርና በየዓመቱ እኩል ቢከፍል፣ ዓመታዊው ክፍያ 1.95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ በ20,000 ኤከር ላይ በእኩል ቢከፋፈል ለአንድ ኤከር 98 ዶላር ያህል፣ ለእናንተ 40 ኤከር ደግሞ በዓመት 3,900 ዶላር ገደማ ነው። በ30 ዓመት ከ117,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር የምታገኙት ከድምፅ መስጫው ጋር ከሚመጣው ማስታወቂያና የእያንዳንዱን መሬት ድርሻ ከሚያሰላው የመሐንዲሱ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ካልደረሳችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ሊከለክሏችሁ አይችሉም።

ወደ ሕገ መንግሥቱ ጥያቄ ልምጣ። በአሜሪካ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚለው መርህ ለአብዛኛው ምርጫ ይሠራል፤ የከተማ ቦንድም በዚህ ውስጥ ይገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 እ.ኤ.አ. በሉዊዚያናዋ የሆማ ከተማ ጉዳይ፣ በ1970 ደግሞ በፊኒክስ ጉዳይ፣ ከተሞች የቦንድ ምርጫን ለንብረት ባለቤቶች ብቻ መወሰን እንደማይችሉ ፈርዷል። ለዚህ ነው ጥያቄያችሁ ትክክለኛ የሚመስለው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1973፣ ያው ፍርድ ቤት ለእርሻ ውሃ ዲስትሪክቶች ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ጉዳዩም የመጣው ከእናንተው ሸለቆ ነበር።

የቱላሪ ሐይቅ ተፋሰስ የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት 193,000 ኤከር መሬት ነበረው። ነዋሪዎቹ ሕፃናትን ጨምሮ 77 ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከመሬቱ 85 በመቶውን የሚያርሱት የአራት ኩባንያዎች ሠራተኞች ነበሩ። ድምፅ የሚሰጠው ባለመሬት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ በ100 ዶላር ለተገመተ መሬት አንድ ድምፅ ይቆጠራል። ጄ ጂ ቦስዌል የተባለው ኩባንያ ብቻውን 37,825 ድምፅ ስለነበረው አብዛኛውን የቦርድ አባል መምረጥ ይችል ነበር። እያንዳንዳቸው እስከ 80 ኤከር የነበራቸው 189 ትናንሽ ባለመሬቶች ግን ሁሉም ተደምረው ከዲስትሪክቱ የእርሻ መሬት 2.34 በመቶውን ብቻ ነበር የያዙት። ሳልየር የተባለው የእርሻ ኩባንያና አብረውት የነበሩት ከሳሾች ተከራከሩ፤ ተከራይ ገበሬና ነዋሪም ነበሩባቸው። በስድስት ለሦስት ተሸነፉ። ዳኛ ሬንኲስት የጻፉት የብዙኃኑ ውሳኔ መሠረቱ ሁለት ነው፦ ዲስትሪክቱ እንደ ከተማ አጠቃላይ መንግሥታዊ አገልግሎት አይሰጥም፣ ወጪውም የሚጫነው በመሬቱ ላይ ነው። ተከራዩን በተመለከተ ውሳኔው ያለው ለእናንተ ጉዳይ በቀጥታ ይሠራል፤ ተከራይ ጥቅሙን የሚያስከብረው ከአከራዩ ጋር በሚያደርገው ውል ነው፤ የውክልና ድምፅም በዚያው ሊደራደር ይችላል።

የተቃውሞ ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ዳግላስ ያነሱት ነገር ግን ሊረሳ አይገባውም። በ1969 ጎርፍ ጊዜ ትርፉን ውሃ ወደ ቡዌና ቪስታ ሐይቅ አልጋ መቀልበስ ይቻል ነበር። ቦስዌል በዚያ ለረጅም ጊዜ የተከራየው እርሻ ነበረው። ቦርዱ የመቀልበሱን ሐሳብ በስድስት ለአራት ድምፅ ሳይወስንበት አቆየው፤ በቱላሪ በኩል ያለው ውሃም ከፍ እያለ ሄደ። መሬትን የሚያህል ድምፅ የሰጠ ሕግ ጎርፉ በማን ማሳ ላይ እንደሚተኛም ወሰነ ማለት ነው። ዳግላስ ፍትሕን በተመለከተ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሕጉ ከዚያ በኋላ አልተናወጠም፤ በ1981 በአሪዞና የሶልት ሪቨር ዲስትሪክት ጉዳይ እንዲያውም ሰፋ። ያ ዲስትሪክት በክልሉ ውስጥ የግዛቱን ሕዝብ ግማሽ ያህል የያዘና ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን በኤከር የሚሰላውን ድምፅ በአምስት ለአራት አጸና። ስለዚህ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ብላችሁ ለመክሰስ ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ ሁሉ የባከነ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሕግ እንዴት መጣ ለሚል ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1887 የወጣው የራይት ሕግ የመስኖ ዲስትሪክት ማቋቋምንና ቦንድ ማውጣትን ለነዋሪው ድምፅ ነበር የሰጠው። ትልልቅ ባለመሬቶች «መሬት የሌለው የከተማ ሰው በእኛ መሬት ላይ ዕዳ ይጭናል» እያሉ ለዓመታት በፍርድ ቤት ታገሉት፤ ሕጉ በ1896 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢጸናም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲስትሪክቶች በቦንድ ዕዳ ወድቀዋል። በ1913 የወጣው የካሊፎርኒያ የውሃ ዲስትሪክት ሕግና በ1921 የወጣው የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት ሕግ ድምፁን ከመሬት ጋር አሰሩት። የእናንተ ዲስትሪክት በየትኛው ሕግ እንደተቋቋመ እወቁ፤ የድምፁ ስሌትም ቦንዱን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛትም የሚወሰነው በዚያ ነው።

አራት ሆናችሁ አንድ ወረቀት የደረሳችሁም ለዚሁ ነው። ባለቤቱ ማኅበሩ ነው፤ መራጩም ማኅበሩ ነው። መሬት በማይሸጥበትና በማይለወጥበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ቢሆን አይገርምም። በካሊፎርኒያ የውሃ ዲስትሪክት ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር የመሬት ግምት አንድ ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ1978ቱ ፕሮፖዚሽን 13 (በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ) ወዲህ በካሊፎርኒያ የካውንቲው የንብረት ግምት በዋናነት በተገዛበት ዋጋ ላይ ይቆማል፤ በየዓመቱም ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ስለዚህ የካውንቲው መዝገብ ለድምፅ ቆጠራው ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ፣ በቅርቡ የተገዛ መሬት በኤከር ሲሰላ ለብዙ ዓመታት በአንድ እጅ ከቆየው የጎረቤት መሬት የበለጠ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ግምታችሁን ከመዝገቡ አረጋግጡ። ኩባንያውን አያሸንፍላችሁም፤ ነገር ግን እንደ እናንተ ካሉ ትናንሽ ባለመሬቶች ጋር ስትተባበሩ ቁጥሩ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወረቀቱን እንደገና አንብቡት። በአንድ ፖስታ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። አንደኛው ቦንዱን የሚያጸድቅ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ቦንዱ የሚመለስበትን የኤከር ክፍያ በመሬታችሁ ላይ የሚጥል፣ በ1996ቱ ፕሮፖዚሽን 218 የሚመራ ሥርዓት ነው። በሕግ ዓይን ሁለተኛው ምርጫ አይደለም፤ የተቃውሞ መለኪያ ነው። ማስታወቂያው ከሕዝብ ስብሰባው ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ መላክ አለበት። ድምፁ የሚመዘነው እያንዳንዱ መሬት በሚከፍለው ገንዘብ መጠን ሲሆን፣ ከተመለሱት ወረቀቶች መካከል የተቃዋሚው ክብደት ከደጋፊው ከበለጠ ክፍያው አይጣልም።

«ከተመለሱት» የሚለውን ልብ በሉ። ዝም ያለ ሰው አይቆጠርም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ተቃውሞ አይሆንም፤ ከኩባንያው ጎን እንደመቆም ነው። ተቃውማችሁ ከተሸነፋችሁም ትከፍላላችሁ፤ ዕዳው በዲስትሪክቱ ውስጥ ባለ መሬት ሁሉ ላይ ያርፋል፣ መሬቱ ሲሸጥም አብሮ ይሸጋገራል። በሌላ በኩል የሕዝቡ ስብሰባ አስተያየት መቀበሉን እስኪዘጋ ድረስ በዚህ ሁለተኛ ሥርዓት የላካችሁትን ድምፅ መቀየር ወይም መሳብ ትችላላችሁ። ይህን መብት የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የፕሮጀክቱ ይዘት ነው። ቦይ በኮንክሪት ሲለበጥ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ ይቀራል። ለቦይ ተጠቃሚው ይህ ትርፍ ነው፤ የገዛው ውሃ ሳይባክን ይደርሰዋል። ለጉድጓድ ተጠቃሚ ግን ያ የሚሰርገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ይመግብ ነበር። እናንተ የማትጠቀሙበትን ቦይ ለማስለበጥ ትከፍላላችሁ፣ በዚያውም የጉድጓዳችሁ ውሃ የሚተካበት አንዱ መንገድ ይዘጋል። ኩሬዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እርጥብ ዓመት ሲመጣ ትርፉን ውሃ በአሸዋማ መሬት ላይ አሳርፈው ወደ ታች ያሰርጉታል፤ ለእናንተ ጉድጓድ ጥቅማቸው እውነተኛ ነው። በተለይ የ2014ቱ የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ ክፉኛ የተራቆቱ ተፋሰሶች በ2040 ሚዛናቸውን እንዲያገኙ ስለሚያስገድድ፣ ውሃ የማይተካ አካባቢ ማውጣትን መገደብ ይኖርበታል፤ በአልሞንድ ዛፍ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ዛፉን እንደ ጤፍ ማሳ አንድ ዓመት አሳርፎ በሚቀጥለው ሊዘራው አይችልም። ሆኖም ኩሬው ከእናንተ ጉድጓድ ምን ያህል ይርቃል? ከሥሩ ሸክላ አፈር አለ ወይ? ውሃውስ በየትኛው አቅጣጫ ይሄዳል? እነዚህን ሪፖርቱ ካልመለሰ ጥቅሙ ገና አልተረጋገጠም።

የእናንተ ጉልበት ያለው እዚህ ነው እንጂ በድምፅ ብዛት አይደለም። ፕሮፖዚሽን 218 አንድ መሬት የሚከፍለው ከሚያገኘው ልዩ ጥቅም ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል፤ ይህን የማስረዳት ሸክምም የዲስትሪክቱ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሳንታ ክላራ ካውንቲ ጉዳይ ዳኞች የዲስትሪክቶችን ቃል ዝም ብለው ከመቀበል ይልቅ በራሳቸው ሚዛን እንዲመረምሩ ወስኗል። ሺህ ኤከር ያለው ጎረቤት በድምፅ ሊበልጣችሁ ይችላል፤ የማትጠቀሙበትን ቦይ ወጪ በእናንተ ላይ የመጫን መብት ግን በድምፅ ብልጫ አይገኝም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ የቦዩና የኩሬዎቹ ወጪ ይለያይ፤ በጉድጓድ ብቻ የሚጠቀሙ መሬቶች በተለየ ቀጠና ተመድበው የኩሬዎቹን ድርሻ ብቻ ይክፈሉ፤ በኤከር የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን በውሳኔው ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።

ቦንዱ በምን እንደሚመለስም ለዩ። ዲስትሪክቱ ከሚሸጠው ውሃ ገቢ የሚመለስ ከሆነ ውሃ የማትገዙ እናንተ ላይ የሚያርፈው ጫና አነስተኛ ነው። በኤከር ክፍያ የሚመለስ ከሆነ ግን ክፍያው እንደ ግብር በመሬቱ ላይ የሚመዘገብ ዕዳ ነው፤ ከባንካችሁ የመያዣ ብድርም ይቀድማል። ለተራ የንብረት ግብር ካውንቲው መሬቱን ለመሸጥ በአብዛኛው ዓመታት ይጠብቃል። ለቦንድ ክፍያ ግን ዲስትሪክቱ ለቦንድ ገዢዎቹ በሚገባው ውል ውዝፍ ሲኖር በጥቂት ወራት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱን ለማሸጥ ቃል ሊገባ ይችላል። ከባንክ ተበድራችሁ ከሆነ ባንኩ ይህን ቀድሞ ከእናንተ ቢሰማ ይሻላል።

ግሪን ካርድ ስላለው ጓደኛችሁ። በዚህ ዓይነቱ የባለመሬት ምርጫ መብቱ የሚመነጨው ከባለቤትነት ነው፤ ኩባንያ ሳይቀር ይመርጣል፤ እዚህም ድምፁ የማኅበሩ ነው። ቢሆንም ፊርማው የእርሱ አይሁን። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ያልተፈቀደለትን ምርጫ የመረጠ ሰው፣ ምርጫው የአካባቢ እንኳ ቢሆን፣ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ደግሞ ከዚያም የከፋ መዘዝ አለው። ዜግነት ያለው አንዳችሁ በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ተወክሎ ይፈርም። ውክልናው በጽሑፍ ሆኖ ለየትኛው ምርጫ እንደሆነ ይግለጽ፤ ቅጂው ከድምፁ ጋር ይላክ። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ድምፁ በቆጠራ ላይ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

በሌላ ግዛት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን መልስ እንዳለ አትውሰዱት። በዴንቨርና በኦሮራ አካባቢ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው የኮሎራዶ ሜትሮፖሊታን ዲስትሪክቶች ውሃና ፍሳሽን ጨምሮ መሠረተ ልማት በቦንድ ይሠራሉ። እዚያ የሚመርጠው በግዛቱ የተመዘገበ መራጭ ሆኖ በዲስትሪክቱ የሚኖር፣ ወይም እርሱ አለዚያም የትዳር ጓደኛው ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያለው ሰው ነው። መመዝገብ ዜግነት ስለሚጠይቅ ግሪን ካርድ ያለው ባለቤት ፈጽሞ መምረጥ የለበትም፤ ማኅበርም ድምፅ የለውም። ብዙውን ጊዜ ዕዳው የሚጸድቀው ገና ቤት ሳይሠራ፣ አልሚው ቁራሽ መሬት ለመግዛት ውል ባስፈረማቸው ጥቂት ሰዎች ድምፅ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ዕዳውን የማጣሪያ ጊዜው ቤቱን ከመግዛት በፊት ነው። በቴክሳስ ደግሞ የማዘጋጃ አገልግሎት ዲስትሪክቶች ድምፅ የነዋሪዎች ነው፤ በባዶ መሬት ላይ በጣት የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በሚሊዮኖች የሚቆጠር ቦንድ ሊያጸድቁ ይችላሉ።

ለእናንተ ያለኝ ምክር የማያሻማ ነው። ማስታወቂያው አሁን ባለበት መልኩ፣ ማለትም ቦዩና ኩሬዎቹ በአንድ ተጠቅልለው ክፍያው በኤከር እኩል የሚጣል ከሆነ፣ «አልደግፍም» ብላችሁ ፈርማችሁ መልሱት፤ የጽሑፍ ተቃውሟችሁንም ከስብሰባው በፊት አስገብታችሁ የደረሰበት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። ዲስትሪክቱ ቀጠናውን ከለየና የኤከሩን ጣሪያ ከጻፈ፣ የኩሬዎቹ ቦታም ለጉድጓዳችሁ የሚጠቅም ከሆነ ድምፃችሁን ቀይራችሁ ደግፉ። ለዛፎቻችሁ ዕድሜ የኩሬዎቹ ውሃ ያስፈልጋችኋል፤ ሁሉንም ነገር መቃወምም ዋጋ ያስከፍላል።

ውሳኔው ከጸደቀና እንከራከራለን ካላችሁ ግን ጊዜ የላችሁም። በካሊፎርኒያ የዲስትሪክት ቦንድን የሚቃወም ክስ በአብዛኛው በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የኤከር ክፍያን በሚመለከት ከዚያም ያጠረ ገደብ ሊኖር ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የቱንም ያህል የጠነከረ ማስረጃ ቢኖራችሁ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ የካሊፎርኒያ ጠበቃ ከስብሰባው በፊት አንድ ጊዜ አማክሩ። የተከራያችሁንም ውል አውጥታችሁ አዲስ የኤከር ክፍያ ቢመጣ ማን እንደሚከፍል ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ፣ ከፋዩ እናንተ ናችሁ፤ ውሉ ከመታደሱ በፊትም ከገበሬው ጋር ተቀምጣችሁ መስማማት ይኖርባችኋል።